የአሜሪካ ኬክ አራት ኪሎ ላይ ሲሰምጥ

«እናንተማ ምን አለባችሁ! ሁሉ ነገር በካርቶን ተዘጋጅቶ ይሸጥላችኋል። ውኃ ጨምሮ ኦቨን ውስጥ መክተት ነው።» ይህን ያለችኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ ፒያሳ፣ በ2016 ከፈረሰው በተረፈው በኩል፣ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን። ሌላዋ ደግሞ «ኬክ በየቀኑ ነው አይደል የምትበሉት?» አለች። ከሁለተኛው ሥራዬ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የትናንቱን ምስር ወጥ ከፕላስቲክ ዕቃው ቆሜ እንደምበላ ብነግራት ታምነኝ ይሆን? ፌስቡክ ላይ የምለጥፈው የእሑዱን ኬክ ነዋ!

በርግጥ የኬክ ባለሙያ የሆንኩት እዚያው አሜሪካ ነው። እዚህ ሳለሁ ኬክ ቤት ውስጥ የሚጋገር ነገር መሆኑንም አስቤ አላውቅም። እኛ በቦምቦሊኖና በፓስቲ ያደግን ልጆች ነን፤ ኬክ ለልደት ከኬክ ቤት ይመጣል፣ አለቀ። ሜሪላንድ ስገባ ግን ክረምቱ አያልቅ፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለ፣ የሱፐርማርኬቱ ኬክ ስኳሩ ጥርስ ይነቅላል። ራሴ ጀመርኩ። የማር ኬክ በኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ብስኩት፣ በጀበና ቡና የራሰ ምናምን። የሥራ ቦታዬ ፈረንጆች ትሪውን ይዤ ስገባ ይከቡኝ ነበር፤ ቀረፋ ከቀመሱ «ቅመሙ በዛ» የሚሉት ሰዎች! የጾም ኬኬንማ «ቪጋን» ብለው አነገሡት። እኛ ረቡዕና ዓርብ እያጉረመረምን የምንበላውን እነሱ ጨምረው ከፍለው ይገዙታል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሙያ ይዤ ነው አራት ኪሎ፣ እናቴ ቤት የመጣሁት። እናቴ ቀድማ ለሰፈሩ አውጃለች፦ «ልጄ የአሜሪካ ኬክ ትጋግርላችኋለች።» እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ተጠራ። ወንድሜ ሳይጠይቀኝ ከዚያ ያመጣሁትን ሚክሰር ሰካው፤ ለ120 ቮልት የተሠራው ዕቃ 220 ሲያገኘው አንዴ ጮኾ በጭስ አረፈ። ይሁን፣ በእጄ መታሁት። የፉርኖ ዱቄቱ፣ የገበታ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ሁሉም በለመድኩት ልክ። ኦቨኑ ፊት ተንበርክኬ በመስታወቱ ሳይ ኬኩ ይነሳል፣ ይነሳል፣ ከቆርቆሮው አልፎ ይወጣል። እኔም አብሬው ተነፋሁ። ከዚያ ዓይኔ እያየ መሀሉ ወደ ታች ሄደ። ጠርዙ ዙሪያውን ቆሟል፣ መሀሉ ጉድጓድ።

እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ቡናው ቶና ደርሷል፤ ማምለጫ የለም። አቀረብኩት። ዓይናቸው ደከም ያለው የጎረቤታችን እማማ ወደ ትሪው ጎንበስ አሉና ፊታቸው በራ።

«እልልል! ማን ወለደች?»

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ቅቤው የታለ ታዲያ? መሀሉ ባዶ ነውሳ!»

ገንፎ መስሏቸው እኮ ነው! ዕድሜዋ ወደ አርባ ለተጠጋ፣ ባልም ልጅም ለሌላት፣ ከአውሮፕላን ከወረደች ጀምሮ «መቼ ነው?» እየተባለች ለምትጠየቅ ሴት፣ በገዛ ኬኳ ላይ የአራስ እልልታ! አክስቶቼ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው ወለሉን አዩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይርገፈገፋል። አንዳቸው እንኳ «አልጣመኝም» ቢሉ ግልግል ነበር። ፈረንጅ ቢሆን «ኢንተረስቲንግ» ብሎ ሳህኑን ያስቀምጣል። የእኛ ሰው «እጅሽ ይባረክ» እያለ ቁራሹን በሶፍት ጠቅልሎ «ለልጆቹ» ብሎ ይወጣል። ከልባቸው የበሉት እማማ ብቻ ናቸው፤ በማንኪያ፣ ንጥር ቅቤ አስጨምረው። በርበሬም ጠይቀው ነበር፤ እሱን እናቴ ከለከለች።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የከፍታው ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ የምኖርበት ግን ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይልም። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ያለ ልክ ያብጣል፤ ሊጡ ገና ሳይጠነክር ሽቅብ ይወጣና ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ውኃውም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል። እናቴ እኔ ጋ በመጣች ጊዜ ክኩ ቶሎ በስሎባት «የአሜሪካ እህል ለስላሳ ነው» ስትል የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእሷ ድፎ ዳቦ ግን አንድም ቀን ሰምጦ አያውቅም። ግራም አትለካ፣ ሰዓት አታይ፤ ሊጡን በዓይኗ አይታ «ደርሷል» ትላለች፣ ደርሷል። እኔም በኋላ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀነስኩ፣ ስኳሩንም ቀነስ፣ ወተቱን ጨመር፣ ኦቨኑን ትንሽ ሞቅ አደረግሁ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰፈሩ «የአራሷ ኬክ» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ቪዛው እስኪመጣ ቁሌት ማቁላላት ተማሩ። በተለይ እናንተ ወንዶች፣ ማጀት የማታውቁት! እንጀራ እንደሆነ ይገኛል፤ ጤፉ አይዳሆ ድረስ ይበቅላል። በየቀኑ ከምግብ ቤት እገዛለሁ ያለ ግን የቤት ኪራዩን ነው የሚበላው። ኦቨን ያለው ቤት ማግኘት ቀላል ነው፤ የጋገራችሁትን ቁጭ ብሎ የሚበላላችሁ ሰው ነው የሚጠፋው፤ ቡና አፍልታችሁ ሁለት ሲኒ ብቻ የምታቀርቡበት ቀን ይበዛል። ቁሌቱ ሲጤስ የጭስ አላርሙ ይጮኻል፣ ጎረቤት በፒጃማ ይወጣል፣ ካፖርታችሁ ሽንኩርት ሽንኩርት እያለ ሥራ ይገባል። ልመዱት።

ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ አስፈጭታችሁ በደንብ አሽጋችሁ ያዙ። ቋንጣ ግን ተዉ፤ ሥጋ አያስገቡም። እናቶቻችሁ ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው ሊከቱላችሁ ይሞክራሉ፣ አውጡት። አየር ማረፊያው ውስጥ ጆሯቸው የተንጠለጠለ ትንንሽ ውሾች አሉ፤ ሲያዩአቸው ያሳዝናሉ። አንዱ መጥቶ ሻንጣችሁ አጠገብ ቁጭ ካለ እንዳታሻሹት፤ ቋንጣውን አግኝቶታል ማለት ነው።