ፕሮፔለር ወደ ኋላ አይዞርም

ቲ-6 ናት፣ የድሮ ማሠልጠኛ አውሮፕላን፤ ከገና በፊት ጀምራ የቆመች። አራት ወር ያህል። ባለቤቱ ማለዳ ደረሰና ማግኔቶው (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው) መዘጋቱን፣ ጎማው መታገዱን አይቶ ፕሮፔለሩን በእጁ መሳብ ጀመረ። እስከዚህ ነቀፌታ የለንም። ባለሁለት ብሌድ ስለሆነች አራት ብሌድ ሲያልፍ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለት ዙር ይዞራል፤ ዘጠኙም ሲሊንደር አንድ አንድ ጊዜ ይጨምቃል። እኛ ጋ ግን አራት አይበቃም፣ እስከ አሥራ ሁለት ይቆጠራል። ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለችበት።

እዚያ ላይ እጁን ሰብስቦ ሰው መጥራት ነበረበት። እሱ ግን ወደ ኋላ መለሳትና እንደገና ወደ ፊት ሳባት። አለፈች። «ነጻ ወጣች!» አለ፣ ለጥገና ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ።

ሞተሯ ዋስፕ ነው፣ ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፤ የዘይት ታንኩም ከፓምፑ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሞተሩ ሲተኛ ዘይቱ ቀስ እያለ ይሾልክና ታች ወዳሉት ሲሊንደሮች፣ በተለይ ወደ 5 እና 6፣ በፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) አልፎ ይገባል። ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሞተሩ 22 ሊትር ገደማ ነው፤ ለዘጠኝ ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር 2.4 ሊትር ይደርሰዋል። መጭመቂያው 6 ለ 1 ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ያ ቦታ በዘይት ከሞላ ፒስተኑ መሄጃ የለውም፤ የሚታጠፈው ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ቢየላ ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ፍሪሲዮን አለው፣ ያመልጣል የሚሉ አሉ። ሞተሪኖው ያመልጥ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሲሊንደሮች አንዴ ከተኮሱ በኋላ ግን የሚገፋው ሞተሪኖ አይደለም።

ወደ ኋላ ሲዞርስ ዘይቱ የት ይሄዳል? የመጭመቂያው ምት ወደ ኋላ ሲሄድ መጨረሻው የማስገቢያው ምት ነው። ቫልቩ ይከፈትና ፒስተኑ ዘይቱን ወደ ማስገቢያ ቱቦው ይገፋዋል። ታች ያሉት ሲሊንደሮች ራሳቸው ወደ መሬት ስለሚያይ፣ ቱቦውም ከላይ ስለሚወርድላቸው፣ ዘይቱ እዚያው ቫልቩ ጀርባ ተኝቶ ይጠብቃል። በእጅ ሲሳብ ያልፋል። ሞተሩ ሲነሣ ግን በአንድ ጉርሻ ይስበዋል።

ዋናው ሜካኒካችን ጋሼ ሙያውን የለመደው አዲስ አበባ፣ ዲሲ-3 ላይ፣ አሥራ አራት ሲሊንደር ባለው መንታ ዋስፕ ነው። ብዙ አይናገርም።

«ሞተሪኖውን እንዳትነካ» አለው። «የ5 እና የ6 ካንዴላ ይወጣል። ከዚያ ቱቦአቸው።»

ሰውዬው የኮርሴር አፍቃሪ ነው። የኋለኛዋን የጦርነት ጊዜ ኮርሴር አይደለም፤ የፊተኛዋን፣ ቮውት ኦ2ዩን፣ ባለድርብ ክንፏን የቅኝት አውሮፕላን። ለዋስፕ ተብላ የተነደፈች ናት። የአብራሪውን የሌተናንት ሺልትን ታሪክ ከእሱ ያልሰማ የቤቱ ሠራተኛ የለም፦ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 6 እስከ 8 ቀን 1928፣ ኒካራጓ፣ ኪላሊ የምትባል መንደር። የአማፂው የሳንዲኖ ተዋጊዎች የከበቧቸው የአሜሪካ ማሪኖች የመንደሯን ቤቶች አፍርሰው መንገዱን ማረፊያ አደረጉት። ሺልት በተኩስ መሀል አሥር ጊዜ ገብቶ 18 ቁስለኞች አወጣ። ኮርሴሯ ፍሬን ስላልነበራት ባረፈች ቁጥር ወታደሮቹ ክንፏ ላይ እየተንጠለጠሉ ነበር የሚያስቆሟት። ሜዳሊያውም የአሜሪካ ከፍተኛው፣ ሜዳል ኦፍ ኦነር ነው። ታሪኩ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም።

«ሺልት ኪላሊ ላይ ካንዴላ ሲያስፈታ ነበር እንዴ?» አለ።

ጋሼ መፍቻውን አላስቀመጠም። «አሥር ጊዜ ነው የገባው አላልክም?»

«አሥር።»

«በስንት ቀን?»

«በሦስት።»

«ታዲያ ያ ሞተር መች በርዶ ዘይት ያጠራቅማል? ያንተዋ እኮ አራት ወር ሙሉ ነው የተኛችው።»

እኔ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ከ6 ትንሽ ጠብ ጠብ አለ፤ ከ5 ምንም። ሰውዬው እጁን አጣምሮ ፈገግ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ያሸነፈው እሱ ነው። ሲሊንደሩ ባዶ የሆነው ዘይቱን ራሱ ወደ ቱቦው ስለገፋው መሆኑን ማን ያስረዳዋል?

ጋሼ የ5ን ቱቦ ከሲሊንደሩ በኩል ፈታው። ፍላንጁ ገና ከመላቀቁ ጥቁር ዘይት በክንዱ ላይ ወርዶ ክርኑ ድረስ አራሰው። ከሥር የተደገነው ቆርቆሮ ውስጥ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ ጎደለው።

«ይሄ እኮ ጭስ ሆኖ ይወጣ ነበር» አለ ሰውዬው።

መልስ አላገኘም። የቱቦዎቹ ጎማ ተቀየረ፣ ካንዴላዎቹ በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ተመለሱ። ፕሮፔለሩ አሥራ ሁለት ብሌድ ተቆጠረለት፣ ወደ ፊት ብቻ። ተነሣች። ትንሽ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥሩ ድምፅ።

ችግሩ የመጣው ከመዝገቡ ነው። ጋሼ በሞተሩ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ዘይት ቆልፎ ሳለ ፕሮፔለሩ በባለቤቱ ወደ ኋላ ዞሯል፤ 5 እና 6 ካንዴላና ቱቦ ተፈትቶ ዘይት ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት በሞተሪኖ አልተሞከረም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ለሰውዬው የምትጠቅም ነበረች፤ ቢየላው እንዳልተጎዳ የምትመሰክርለት እሷ ናት። እሱ ያየው ግን የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። አውሮፕላኗን ለመሸጥ ሲያስብ ዋጋ ትሰብርብኛለች ብሎ እንድትሰረዝ ጠየቀ። ጋሼ አልሰረዘም።

የሰውዬው ክፍያ ሲመጣ ካንዴላና ቱቦ የተፈታበት ሁለት ሰዓት ተቀንሶ ነበር። ምክንያቱን ከሥር በእጁ ጽፏል፦ «ሞተሩ ምንም አልነበረውም።»