«አደገኛ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ሥራዬ ነርስነት ነው። የምሠራው ካናዳ፣ ኦንታርዮ ውስጥ፣ በሮቹ በካርድ ብቻ በሚከፈቱበት የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ነው። እዚያ የሚተኙት ሰዎች ወንጀል ፈጽመው ፍርድ ቤት ቀርበው የነበሩ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን የፈጸሙት በአእምሮ ሕመም ምክንያት ስለሆነ በወንጀል አይጠየቁም ብሎ ወደ እኛ ልኳቸዋል። ከመካከላቸው ሰው የገደሉም አሉ።

ሀበሻ ለለቅሶም ለክርስትናም ሲሰበሰብ፣ ሥራዬ ከተነሳ የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው። «ታዲያ ሲወጡ መልሰው አይገድሉም?» ይላሉ። በጥያቄው አልቆጣም። ልጅ ያለው ሰው ይህን ባይጠይቅ ነው የሚገርመኝ። ግን ቡና እየተጠጣ በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ከትንሹ ልጀምር። በየቀኑ ለእያንዳንዱ ታካሚ የምንሞላት ሰባት ነጥብ ያላት ቅጽ አለች። ዳሳ እንላታለን፤ የተሠራችው አውስትራሊያ ነው። ይነጫነጫል? ሳያስብ ይነሳል? የተባለውን እምቢ ይላል? ሰዎች ሆን ብለው የነኩት ይመስለዋል? የጠየቀውን ሲከለክሉት ቱግ ይላል? ስለ ሰው ሁሉ ክፉ ክፉውን ያስባል? በአፉ ዝቷል? ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። በቃ። የምትናገረውም ስለሚቀጥለው 24 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህችን ቅጽ የምወዳት ለዚህ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ የዛሬ ሥራችን ይለወጣል። ጩኸት ካለበት ሳሎን እንዲርቅ እናደርጋለን። የሚወደው ነርስ ማን እንደሆነ አስበን እሱን እንመድባለን። ከሌላው ታካሚ ጋር በቴሌቪዥን ቻናል የሚጣሉ ከሆነ የአንዱን የምሳ ሰዓት እናዘዋውራለን። ብዙ ጊዜ ቀኑ በሰላም ያልፋል። ግምቱ ተሳስቶ ነው ወይስ እኛ ስለሠራንበት? መለየት አይቻልም፤ እኔም ልለይ ብዬ አልጨነቅም።

ከባዱ ጥያቄ የዓመታቱ ነው። ይህ ሰው ከወጣ በአምስት ዓመት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሰው ይጎዳል ወይ?

ከኦንታርዮ ሳንወጣ፣ በጆርጂያን ቤይ ዳርቻ ፔኔታንግዊሺን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ኦክ ሪጅ የሚባል ጥብቅ ጥበቃ ያለው ሆስፒታል ነበር። ሃሪስ፣ ራይስ እና ኩዊንሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያ ያለፉ 618 ወንዶችን ፋይል አገላብጠው ከወጡ በኋላ ምን እንዳደረጉ ተከታተሉ። ከመቶ 31ዱ እንደገና ኃይል የተሞላበት ወንጀል ፈጽመዋል። ፈጻሚዎቹን ከሌሎቹ የሚለዩትን 12 ነገሮች መርጠው እ.ኤ.አ. በ1993 መለኪያ አወጡ። ቪራግ ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ ይደመራል ወይም ይቀነሳል፤ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይወጣል።

ቪራግን መጀመሪያ የሚያነብ ሰው ይደነግጣል። ተጠቂው በጣም በተጎዳ ቁጥር የአጥቂው ነጥብ ይቀንሳል። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለበትም ይቀንሳል። ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው። ግን መለኪያው የሚያወዳድረው በዚያ ሆስፒታል የነበሩትን ወንዶች እርስ በርሳቸው ነው። በሕመም ተገፍቶ አንድ ጊዜ አባቱን የገደለ ሰው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰርቅና ሲደባደብ ከኖረው የዋርድ ጎረቤቱ ያነሰ ወደ ወንጀል ተመልሷል። የወንጀሉ አስከፊነትና ወንጀሉን የመድገም ዕድል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለለቅሶ የሚሰበሰቡ ወገኖቼ ይህችን ብቻ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ከ12ቱ መካከል ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ አለ። እስከ 16 ዓመቱ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ኖሯል? በሞት ካልሆነ በቀር ተለይቶ ከሆነ ሦስት ነጥብ ይጨመርበታል። ከኖረ ሁለት ይቀነስለታል። እኔ የተወለድኩት ወረኢሉ ነው፤ ለትምህርት ብዬ ደሴ፣ አክስቴ ቤት አደግኩ። እናትና አባቴ ተፋቅረው ነው የኖሩት። አክስቴም ከልጆቿ ለይታኝ አታውቅም። በኦክ ሪጅ ፋይል ውስጥ ከወላጅ መለየት ማለት የፈረሰ ቤት ማለት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ልጅን ወደ ከተማ ዘመድ መላክ ብዙ ጊዜ ወላጅ ለልጁ የሚከፍለው መሥዋዕት ነው። ወረቀቱ ይህን አያውቅም።

ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም። ጄፍሪ ኢዋርት የሚባል፣ ከካናዳ አገሬው ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሜቲስ ተወላጅ እስረኛ፣ እነዚህ መለኪያዎች በአገሬው ተወላጆች ላይ ትክክል ስለመሥራታቸው ማን አረጋገጠ ብሎ የካናዳን ማረሚያ ቤቶች ከሰሰ። ቪራግም ከተጠየቀባቸው መለኪያዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት መረጃ ትክክለኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ የመውሰድ ግዴታ በሕግ ነበረበት፤ አላደረገም አለ። መለኪያዎቹን ግን አልሻረም። እኔም የምቆመው እዚሁ ጋ ነው።

ታዲያ ወረቀቱን ጥለን በባለሙያ ልምድ ለምን አንወስንም? ልምድ ብቻውን ምን እንደሠራ ስለምናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆኒ ባክስትሮም በሚባል እስረኛ ጉዳይ ወሰነ። በዚያ ውሳኔ ምክንያት ኒው ዮርክ «አደገኛ» ተብለው ጥብቅ ሆስፒታል ውስጥ የነበሩ 967 ሰዎችን ወደ ተራ ሆስፒታሎች አዛወረች። ሠራተኞቹ በፍርሃት ተዘጋጅተው ጠበቁ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ጥብቁ ሆስፒታል የተመለሱት ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለዓመታት የተዘጋበት በሐኪም ግምት ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ጄምስ ግሪግሰን የሚባል ሳይካትሪስት ነበር። ቶማስ ባርፉት የሚባለውን ተከሳሽ አንድም ጊዜ ሳያነጋግር፣ ወደፊት ኃይል የተሞላበት ወንጀል መፈጸሙ «መቶ በመቶ» የተረጋገጠ ነው ብሎ መሰከረ። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር ራሱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ትንበያ ከሦስት ሁለቱ ስህተት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1983 ምስክርነቱን ተቀበለ። ባርፉት በ1984 በሞት ተቀጣ። ማኅበሩ ግሪግሰንን ያባረረው በ1995 ነው። «መቶ በመቶ» የሚል ባለሙያ ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ወረቀት ከግምት ይሻላል ማለት ግን ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሲና ፋዜልና ባልደረቦቻቸው በተለያዩ አገሮች በ24,827 ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ኃይል የተሞላበት ወንጀል በሚገምቱት መለኪያዎች ዝቅተኛ ሪስክ (ሥጋት) ከተባሉት ውስጥ ከመቶ 91ዱ ምንም አላደረጉም። ይህ ጥሩ ነው። መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ሪስክ ከተባሉት ግን ሰው የጎዱት ከመቶ 41 ናቸው። ቀሪዎቹ 59 በቁጥሩ ብቻ ቢዘጋባቸው ኖሮ፣ ላላደረጉትና ለማያደርጉት ነገር ታስረው ይቀሩ ነበር።

ሁለቱንም ወገን አስባለሁ። ከ59ኙ የአንዱ እናት ብሆን ዕንቅልፍ አይወስደኝም። ከ41ዱ የአንዱ ሚስት ብሆንም አይወስደኝም። «ከመቶ 41 ብቻ» የሚል ሰው ካጋጠመኝ፣ የተደበደበች ሴት ፊት አይቶ ይድገመው እላለሁ።

ለዚህ ነው ሌላውን ወረቀት የማከብረው። በካናዳ ምዕራብ ጫፍ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ክሪስቶፈር ዌብስተርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ኤችሲአር 20 የሚባለውን አዘጋጁ። አሥሩ ጥያቄ ስላለፈው፣ አምስቱ ስለ አሁኑ፣ አምስቱ ስለሚመጣው ነው። ወደፊት የት ይኖራል? ማን አለው? መድኃኒቱን ይቀበላል? ጭንቀት ሲመጣበት ምን ያደርጋል? መጨረሻ ላይ ነጥብ አይደመርም። ሐኪሙ፣ ነርሱና ማኅበራዊ ሠራተኛው ተቀምጠው ክፉው ነገር ቢደርስ በምን መንገድ እንደሚደርስ ይጽፋሉ፤ ቀጥሎ መንገዱ የት ጋ እንደሚዘጋ ይጽፋሉ።

አንድ ታካሚ ልጥቀስ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። ሲታመም መጀመሪያ የሚጠፋው ዕንቅልፉ ነው። ቀጥሎ ምግብ ውስጥ ነገር ተጨምሯል ማለት ይጀምራል። ስለዚህ አደጋው ያለው ምግብ በሚያበስልለት ሰው ላይ ነው፤ መንገደኛ ከእሱ የሚፈራው ነገር የለም። የምታበስለው ደግሞ እህቱ ነበረች። በየወሩ የሚወጋውን መርፌ ከተወ በኋላ ይህ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ይከተላል። ይህ ከታወቀ ሥራው ግልጽ ነው። ከእህቱ ጋር አንድ ቤት አይኖርም። መርፌው በቀኑ ካልተወጋ ሰው ሄዶ ያየዋል። እህቱ ሌሊትም ቢሆን የምትደውልበት ቁጥር አላት፣ ስትደውልም «ነገ ደውይ» አትባልም። አሁን ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ሥራም ይዟል።

«አደገኛ ነው ወይ?» ብትሉኝ ስለዚህ ሰው የምመልሰው የለኝም። በማን ላይ፣ መቼ፣ ምን ሲጎድል? ብትሉኝ ግን ይኸው መለስኩ።

እዚህ የኛን ታካሚዎች ጉዳይ በየዓመቱ የሚያየው አምስት ሰዎች ያሉበት ቦርድ ነው። ሕግ አዋቂ፣ ሳይካትሪስት፣ ከሕዝብ የተወከለም ሰው ይቀመጥበታል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ዊንኮ በሚባል ጉዳይ ላይ፣ ታማሚ ስለሆነ ብቻ አደገኛ ነው ተብሎ አይገመትም ብሏል። ለሕዝብ ደኅንነት ከባድ ሥጋት መሆኑ ካልተረጋገጠ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይለቀቃል። ነርሶች የጻፍነው የየቀኑ ማስታወሻ እዚያ ይነበባል። ስለዚህ «ተሳዳቢ ነው» ብዬ አልጽፍም። ማንን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ከተባለ በኋላ እንደተሳደበ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልሂድ፤ ብዙ ጊዜ የማሰላስለው ይህንን ስለሆነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ስለ አመክሮ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 201 እና 202 ናቸው። ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ከፈጸመ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጠባዩና ሥራው መሻሻሉን ማሳየት አለበት። የተበደለውን በተቻለው መጠን መካስ አለበት። ሲወጣም መልካም ጠባይ እንደሚኖረው የሚያስገምት ነገር መኖር አለበት። ሕጉ ዳኛውን ስለ ወደፊቱ ገምት ብሎታል። ጥሩ ሕግ ነው።

ግን ግምቱ በምን ላይ ይቆማል? ግቢ ውስጥ ጸጥተኛ ነበር፣ አልተደባደበም፣ ሙያ ተምሯል በሚል ብቻ ከሆነ ያሳስበኛል። ማረሚያ ቤት ውስጥ አረቄ የለም። ሚስቱ የለችም። የተጣላበት የእርሻ ድንበር የለም። ስለዚህ እዚያ ጸጥ ማለቱ ከሦስቱ አንዱ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ብዙም አይነግረንም።

ሌላም አለ። ወሎም፣ ጎጃምም፣ ጎንደርም የደም ነገር አለ። ሰው ገድሎ የተፈታ ሰው፣ የሟች ወንድም ወይም ልጅ ይጠብቀዋል። ስለሚጠበቅ ይታጠቃል። ስለታጠቀ በአንድ የገበያ ቀን ነገሩ እንደገና ይፈነዳል፤ ማን ቀድሞ እንደሚተኩስ አይታወቅም። በኦክ ሪጅ ፋይሎች የተሠራ መለኪያ «ደመኛ አለው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሽማግሌዎች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው። ዕርቅ ወርዷል? ካሳው ተከፍሏል? የሟች ወገን ምሏል? ዕርቁ እስኪጸና ድረስ ቀዬ ቢለቅ የሚያስጠጋው ዘመድ የት አለው? ይህ ከኤችሲአር 20 የመጨረሻ አምስት ጥያቄዎች ጋር በጣም ይቀራረባል። እንዲያውም ለቦታው ይበልጣል። ሽማግሌ የሚስት ድብደባን በ«ታረቁ» ሲያልፈው ግን አልስማማም። እዚያ ላይ የሚስቲቱ ፍርሃት ለብቻዋ፣ ባል በሌለበት መጠየቅ አለበት።

በአመክሮ ጉዳይ የምትሠሩ የማረሚያ ቤት ባለሙያዎችና ዳኞች ይህን ካነበባችሁ፣ ከውጭ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። የማመልከቻው ፋይል ውስጥ አንድ ገጽ ጨምሩ። የት ይኖራል፤ ከማን ጋር? ያኔ ወንጀሉን ሲፈጽም ጠጥቶ ነበር? ታሞ ነበር? ሕመም ካለው መድኃኒቱን ከየትኛው ጤና ጣቢያ ያገኛል? ደመኛ አለው? ነገሩ እንደገና ሊመጣ ሲል መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው፤ ለማንስ ይነግራል? ገጹን ሲሞላ የቀበሌውን ሰው፣ ሚስቱን፣ እናቱን በስልክ ማነጋገር ይቻላል። የሟች ወይም የተጎጂ ቤተሰብም የሚፈታበትን ቀን አስቀድሞ ይነገረው፤ ገበያ ላይ በድንገት አያግኙት።