የቡና ልጣጭን በትል ማዳበሪያ አደረግኩ፤ ያደከመኝ ግን ወረቀቱ ነው

ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ብርና ብዙ ንዴት ይተርፈኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ይርጋጨፌ አካባቢ እሸት ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማው ልጣጭ ሆኖ ይቀራል። ክምሩ ይሸታል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወንዝ ይገባል። እኔ ለቀይ ትል እያበላሁ ማዳበሪያ አደርገዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የዩሪያ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ገበሬዎቹ ራሳቸው «ልጄ፣ ያ ጥቁሩ አለሽ ወይ?» እያሉ ይመጡ ጀመር።

ሥራው አያስቸግርም። ልጣጩን ከእበት ጋር ቀላቅላችሁ እያገላበጣችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ክምሩ ውስጥ እጃችሁን ክተቱ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ትል አታስገቡ፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ያልቃል። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ፍርክስክስ ያለ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ማዳበሪያ ታገኛላችሁ።

መከራው የመጣው ልሽጥ ስል ነው። ንግድ ፈቃድ ስጠይቅ «ከግብርና የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። ግብርና ስሄድ «ትል እንስሳ ነው፣ እንስሳት ክፍል ጠይቂ»። እዚያ ያለው ባለሙያ ቅጹን አወጣና በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፤ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ንብ። ትል የለም። ስለዚህ አይሞላም አለና ቅጹን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቆሻሻ ነው የምትሠሪው ብለው አካባቢ ጥበቃም ላኩኝ። በስንት ልመና ደብዳቤው ተጻፈ። ቀጥሎ «የላብራቶሪ ውጤት» መጣ፣ ከፍዬ ናሙና ላክሁ፣ ውጤቱ እስኪደርስ ደግሞ የደብዳቤው ጊዜ አልፏል ተብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሪ አሉኝ! እስከዚያ የበልግ ዘር ተዘርቶ አለቀ፣ ጆንያው መጋዘን ውስጥ ደረቀ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ገበሬውን ለአዲስ ነገር የሚያነሳሳው ሥልጠና ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት የማዳበሪያ ዋጋና የጎረቤት ማሳ ሲያነሳሳው ነው። ጎመኑ ሲያምር አይቶ ነው የሚመጣው።

ሥልጠና ላይ የሲሚንቶ ገንዳ ሥሩ ይላሉ። አትስሟቸው። በእንጨት ሳጥንና በእንሰት ቅጠል ጥላ ጀምሩ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ የሳጥኑን እግሮች ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ማመልከቻ ላይ «ኦርጋኒክ ማዳበሪያ» ብቻ በሉ፤ ትል ካነሳችሁ ወደ እንስሳት ክፍል ነው የሚመሯችሁ። ደብዳቤ ከመጠየቃችሁ በፊት የላብራቶሪ ውጤቱን በእጃችሁ ያዙ። ለበልግ ልትሸጡ ካሰባችሁ ደግሞ ከአምናው ምርት ናሙና ወስዳችሁ ጥቅምት ሳይወጣ ላኩ።