ሶፋውን የምትመርጠው ስለማይነቃነቅ ነው

ድመት ሶፋ የምትቧጭረው በእልህ ወይም በክፋት አይደለም። ብዙ ድመት ከቤት የምትባረረው በዚህ ጉዳይ ስለሆነ መጀመሪያ ማስፈር የምፈልገው ይህን ነው። የተቧጨረው የሶፋ ጥግ ሥር መብራት አብርታችሁ ብትፈልጉ እንደ ገለባ የሳሳ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቁራጭ ታገኛላችሁ። የወለቀ የጥፍር ቅርፊት ነው። የድመት ጥፍር በንብርብር ያድጋል፤ ያረጀው ካልተላጠ ከሥሩ ያለው ስለት አይወጣም። በመዳፏ ሥር ደግሞ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ ስትቧጭር ቦታው የእሷ መሆኑን ምልክት ታደርግበታለች። ከእንቅልፍ ስትነሣም ጀርባና ትከሻዋን የምታፍታታው በዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ማስቆም አይቻልም፤ የሚቻለው ሌላ ቦታ መስጠት ነው።

እስቲ ሶፋውን በእሷ ዓይን እንየው። ከባድ ነው፣ በሙሉ ክብደቷ ብትጎትተው አይነቃነቅም። ቁመቱ እንደ ልቧ ለመንጠራራት ይበቃታል። ጨርቁም ጥፍር ይይዛል። ከገበያ የሚገዙት ትንንሽ መቧጨሪያዎች ብዙውን ጊዜ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውና ቀላል ናቸው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት አንድ ጊዜ ስባ ከጣለችው ትደነግጣለች፣ ዳግመኛም ላትጠጋው ትችላለች። ከዚያ ባለቤቱ «ገዝቼላትም እምቢ አለች» ይላል። እምቢ ያለችው መውደቁን ነው።

መቧጨሪያውን እቤት መሥራት ይሻላል፤ ዕቃውም እዚሁ አለ። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የባሕር ዛፍ አጣና በ90 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የተጠመጠመው ገመድም ይላላል። ልጡን ልጣችሁ አለስልሱት። ለመቀመጫ 60 በ60 የሆነ ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ካነሰ ይገለበጣል። አጣናውን መሐል ላይ አቁማችሁ ከታች በኩል ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አራት ብሎን ምቱበት። አስቀድማችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ ካልበሳችሁት እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ገመዱ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ የቃጫ ገመድ ነው። የናይለን ገመድ አትጠቀሙ፤ ያንሸራትታል፣ ሲተረተርም ክሩን ልትውጠው ትችላለች። ከአጣናው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትሩን ለመሸፈን 100 ዙር ያስፈልጋል፤ አንዱ ዙር 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚወስድ ድምሩ 34 ሜትር ይሆናል። 36 ሜትር ግዙ። ነጩን የእንጨት ኮላ አንድ አንድ ስንዝር እየቀባችሁ ጠምጥሙ፤ በየዐሥር ዙሩ በቁራጭ እንጨትና በመዶሻ እየመታችሁ አጠጋጉት። ማስቲሽ አይሆንም፣ ሽታው ለቀናት ያርቃታል። የገመዱን ጫፍ በሚስማር ምቱት፤ የሚስማሩ አናት እንዳይወጣና ጥፍር እንዳይይዝ አስጥሙት። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ከዚያ አናቱን በእጃችሁ ግፉት። ከተወዛወዘ ከመቀመጫው ላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት እሰሩበት፣ ካልሆነም በፊሸር ከግድግዳ ጋር አያይዙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ምሰሶው ሳሎን ያበላሻል ተብሎ ከመኝታ ቤት በር ጀርባ ወይም ከበረንዳ ይቀመጣል። እዚያ ምልክት የምታደርግበት ምን ጉዳይ አላት? ሰው የሚቀመጥበትን፣ ሽታችሁ ያለበትን ቦታ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ምሰሶው በተቧጨረው ጥግ ፊት ለፊት፣ ከሶፋው በአንድ ስንዝር ርቀት ይቁም። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት ከዚያ አይንቀሳቀስ። ከለመደችው በኋላ በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደምትፈልጉት ቦታ አስጠጉት። መዳፏን ይዛችሁ ገመዱ ላይ አትፈትጉት፤ መያዙን ትጠላለች፣ ምሰሶውንም አብራ ትጠላዋለች። ስትቧጭረው ካያችሁ ወዲያው፣ በዚያችው ቅጽበት፣ የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ ስጧት። ሶፋው ላይ ስትጀምር መጮህና መምታት የሚያስተምራት አንድ ነገር ነው፦ እናንተ በሌላችሁበት መቧጨርን።

እስክትለምድ ድረስ የሶፋውን ጥግ ማስጠላት ያስፈልጋል። በሁለቱም ገጹ የሚያጣብቅ ፕላስተር ከሁሉ ይሻላል፤ ቆዳ ላይ ግን ቀለሙን ሊልጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ወፍራም ላስቲክ ወጥሮ ማሰርም ይሠራል። የቆየውን ሽታ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽንትን ስለሚያስታውሳት ተመልሳ እንድትመጣ ያደርጋታል። በርበሬና ሚጥሚጣ መበተን ግፍ ነው፤ መዳፏን ስትልስ አፏን፣ ፊቷን ስታብስ ዓይኗን ያቃጥላታል። የባሕር ዛፍ ዘይትና ናፍታሊን ደግሞ ይመርዟታል። የሎሚ ልጣጭ ቶሎ ስለሚደርቅ ብዙም አይረዳም።

መሶብ የሚያስቸግራቸው ቤቶች አሉ። የስንደዶና የአክርማ ስፌት ለድመት ጥፍር የተሠራ ነው የሚመስለው፤ አንዴ ከተበጣጠሰም እንደ ቀድሞው አይሆንም። መሶቡን ድመት ወደማትገባበት ክፍል ከመውሰድ ሌላ መፍትሔ አላውቅም። ምንጣፍና ሰሌን የምትወድ ድመት ግን ጋደም ያለ መቧጨሪያ ነው የምትፈልገው። የቡና ጆንያ በጣውላ ላይ ወጥራችሁ መምታት ይበቃል። ወይም ካርቶን 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት እያደረጋችሁ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲያይ በጎኑ ደርድራችሁ አጣብቁ፤ 50 ያህል ቁራጭ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይሰጣል።

ጥፍር መቁረጥ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ መቧጨሩን አያስቀርም። የፊት እግሮቿ ዐሥሩ ጥፍሮች ይበቃሉ፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ። በልታ ስታንቀላፋ ጣቷን ከላይና ከታች በቀስታ ጫን ስታደርጉት ጥፍሩ ይወጣል። ውስጡ የሚታየው ሮዝ ቀለም ደም ሥርና ነርቭ ነው፤ እሱን ሳትነኩ ጫፉን፣ የጎበጠውን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቁረጡ። ከደማ የበቆሎ ዱቄት በጥጥ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ያዙት። ግቢ የምትወጣ ድመት ከሆነች ግን አትንኩባት፤ ከውሻ የምታመልጠው በጥፍሯ ዛፍ ላይ ወጥታ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ «ጥፍሯን አስነቅሉ» ሲሏችሁ የሚነቀለው ጥፍር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የጣቷ የመጨረሻ አጥንት አብሮ ይቆረጣል። እስራኤል በ2011፣ ኒውዮርክ በ2019፣ ሜሪላንድ በ2022 እ.ኤ.አ. ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይደረግ በሕግ ከልክለዋል።

ጉልበቷ ለተረፈ ድመት በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በፊት 10 እና 15 ደቂቃ በገመድ ማጫወት መጋረጃ ላይ መንጠላጠሉን ያበርድላታል። ሲያልቅ ገመዱን አንሡ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጣል።

ከሶፋው የወጣውን ክር በመቀስ አትቁረጡት፣ ጨርቁ ከዚያ ይተረተራል። በቀጭን የኪሮሽ መርፌ ወደ ውስጥ መልሱት። የምሰሶው ገመድ ሲሳሳና ጭራ ሲያወጣ ግን አስቀያሚ ሆነ ብላችሁ ቶሎ አትጣሉት፤ ያኔ ነው ይበልጥ የምትወደው። እንጨቱ መታየት ሲጀምር አዲስ ጠምጥሙበት፤ ከአሮጌውም ሁለት ሦስት ዙር የሚሆን ቁራጭ አስቀርታችሁ ከአዲሱ አናት ላይ እሰሩላት፣ የራሷ ሽታ ያለበት ነውና።