አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ኖርማንዲ፦ የጦርነት ካሚዮኖችን መለየት

በጁን መጀመሪያ፣ የዲ-ዴይ (የተባበሩት ጦር በ1944 ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ያረፈበት ቀን) መታሰቢያ ሲቃረብ፣ በፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ውስጥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሚዮኖች ከየጋራዡ ይወጣሉ። ሳንት ሜር ኤግሊዝ የምትባለው ከተማ የደረስነው በዚሁ ሰሞን ነው፤ በአሮጌ ፎቶ ላይ ያለ መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ ከቆሙት ጋር አስተያይተን ለመለየት። የያዝነው የሁለት ፎቶግራፎች ቅጂ፣ ማስመሪያና የእጅ ባትሪ ነበር።

አንደኛው ፎቶ ላይ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሴቶች ከመኪና መስኮት ለወታደሮች ቡናና ዶናት ያድላሉ። መኪናው «ክለብሞቢል» ይባል ነበር። በ1942 እንግሊዝ ውስጥ ሥራው ሲጀመር የለንደን ግሪን ላይን አውቶቡሶች ለዚሁ ተለውጠው ነበር፤ በኋላ ወታደሩን ተከትለው ወደ ፈረንሳይ የገቡት በጂ.ኤም.ሲ. ካሚዮን ላይ የተሠሩት ናቸው። ካሶኒው የተለወጠ ስለሆነ ያሳስታል። የሚታመነው ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ጎማውና ሻንሲው ነው።

ሲ.ሲ.ኬ.ደብሊው የሚባለው የጂ.ኤም.ሲ. የሁለት ተኩል ቶን ካሚዮን አጭርና ረጅም ነበረው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ አጭሩ (352) 3.68 ሜትር፣ ረጅሙ (353) 4.17 ሜትር ነው። 7.50-20 የሚባለው የካሚዮኑ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 93 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ርቀቱ የጎማውን 4 እጥፍ ከሆነ አጭሩ፣ 4 ተኩል ከሆነ ረጅሙ ነው። ጎማውን ግን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ለኩ። ጭነት ታቹን ያስተኛዋል፤ ደግሞም መኪናው ትንሽ ሰያፍ ቆሞ ከሆነ የጎማው የጎን ስፋትና የሻንሲው ርዝመት አብረው ስለሚያጥሩ ንጽጽሩ ብዙም አይዛባም። የፊት ጎማ መሪው ከዞረ ጠቦ ስለሚታይ የኋላውን ውሰዱ።

የእጅ ባትሪው ለአክስሉ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎችን ለሚያገናኘው ብረት ነው። ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ብታበሩ፣ አንዱ ዓይነት ሁለት ግማሽ ሆኖ መሃሉ ላይ በቡሎን ተጋጥሟል፤ ሌላው አንድ ወጥ ሆኖ ክብ ክዳን አለው። ከኋላ የተነሳ ፎቶ ላይም ይህ በደንብ ይለያል። የቆመውን መኪና ግን እንደ ወረደ አትመኑት፤ የፈረንሳይ ጦር እነዚህን ካሚዮኖች ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለተጠቀመባቸው የአንዱ ጋቢና በሌላው ሻንሲ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሦስት አራት አይታችሁ አመሳክሩ።

ኮፈኑ ጎን ላይ የአሜሪካ ጦር የመዝገብ ቁጥር አለመታየቱ ቁጥር አልነበረም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ በደብዛዛ ሰማያዊ ይጻፍ ስለነበር በጥቁርና ነጭ ፎቶ ከአረንጓዴው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። ከታየ፣ የሁለት ተኩል ቶን ካሚዮን ቁጥር በ4 ይጀምራል።

ሁለተኛውን ፎቶ፣ እንግሊዝ አገር የተነሳውን የሻይ መኪና፣ እዚያው ኖርማንዲ አሮማንሽ ከተማ ከቆሙት የእንግሊዝ መኪኖች ጋር አስተያየነው። በ«ኤል» የሚጀምር ቁጥር የእንግሊዝ ጦር ሎሪ (የጭነት መኪና) ነው። በእኛ ፎቶ ላይ ያለው ግን የሲቪል ታርጋ ነበረው፤ ከሦስቱ ፊደላት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መጀመሪያ የተመዘገበበትን አካባቢ ይነግራሉ። የጦሩ ሎሪ ቤድፎርድ ኦ.ዋይ. ኮፈኑ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ አያደናግርም። የሚያስቸግረው ክብ አፍንጫ ያለው የሲቪሉ ቤድፎርድ ነው፤ የኦስቲን ሎሪ በጣም ስለሚመስለው «የበርሚንግሃም ቤድፎርድ» እስከ መባል ደርሷል። ራዲያተሩ ላይ ያለው አርማ ካልተነበበ ከፎቶው ጀርባ «ኦስቲን ወይም ቤድፎርድ» ብሎ በእርሳስ መጻፍ ነው።