የህዳር ፀሐይ እና የጅማ ቡና ውሃ

ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ተነሳን። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፈን የጊቤን ቁልቁለት ወረድን። ከአሰንዳቦ ወዲያ በየደጁ የተሰጣ ቡና ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጅማ ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም።

በማግስቱ በአጋሮ መንገድ ላይ ወርጄ፣ ወንዝ ዳር ወዳለ የቡና መፈልፈያ በእግሬ ሄድኩ። ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ጌሾ እንዳልገባበት ጥንስስ የኮመጠጠ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ውሃ ጠቁሮ፣ አረፋ ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አገኘኋቸው።

“እናቴ፣ ውሃ የሚቀዱት ከዚህ ወንዝ ነው?”

“ክረምት ከዚህ ነው ልጄ። ቡና ሲታጠብ ግን ከላይ፣ ከምንጩ ነው። ይሄንን ከብቱም አይጠጣው።”

ጀሪካኑን ተቀብዬ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ሩቅ ነው። በጣም ከነከነኝ።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ውሃውን ያበላሸው መርዝ አይደለም፣ በአብዛኛው ስኳር ነው። እሸት ቡና ሲፈለፈል ፍሬው ላይ ያለው የሚያንሸራትት ሽፋን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ባክቴሪያዎች ይሄን ስኳር ሲበሉ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ይታፈናል፣ ውሃው ይኮመጥጣል።

ይሄ ስኳር ግን ጉልበትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፉጂሺማ እና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ውሃ ውስጥ አድርገው ብርሃን ሲያበሩበት፣ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደሚከፈል አሳዩ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የግድግዳ ቀለማችንን የሚያነጣው ዱቄት ማለት ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፤ የተነሳበት ቦታም ምትክ ይፈልጋል። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ አይለቅም። ስኳር ግን ይለቃል። ስለዚህ ቆሻሻው እየተሰባበረ ሃይድሮጅን ይወጣል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ጥቅም። ሃይድሮጅኑ ደግሞ ሲነድ የሚተወው በዋናነት ውሃ ነው።

እዚያ ቆሜ ሰማዩን አየሁ። አንድም ደመና የለም። ጅማ በክረምት ዝናቧ አይጣል ነው፣ ያኔ ግን መፈልፈያው አይሠራም። ቡናው የሚቀላው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ፍሳሹና ፀሐዩ በአንድ ወቅት ይመጣሉ! ይሄን ያህል የሚገጥም ነገር ብዙ ቦታ አይገኝም።

ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጠቀመው ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ የሆነውን፣ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በሚታየው ብርሃን የሚሠሩ ማቴሪያሎችን የሚፈልጉት። የቡና ውሃ ደግሞ ጥቁር ነው። መጀመሪያ በጉድጓድ መጥለል፣ በቬቲቨር ሳር መካከል ማለፍ፣ ከዚያ ስስ ሆኖ ዱቄቱ በተቀባ ገበታ ላይ መፍሰስ አለበት። ጋዙን ማጠራቀምም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ነው። ወጣቶቹ ይሄን ውሃ ቢይዙት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከመመለሴ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ ከፍሳሹ ቀዳሁ። ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት፤ ብርሃኑ ዳር ዳሩን ብቻ አቀላው፣ መሃሉ ጨለማ ነው። እየተብላላ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን ላላ አድርጌ ያዝኩት። ሰኞ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።