ፍም ከሆነ አያስቸግርም

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲደብረኝ ነው የዋለው። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ህዳር ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነኝ። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይቆያል፣ ፀሐይዋ ትለግማለች፣ እኔም አብሬያት እለግማለሁ። በዚያ ላይ ህዳር ሲታጠን የተቃጠለው ቆሻሻ ሽታው ገና ከሰፈራችን አልወጣም። ደሴ ውስጥ በዚህ ወር ጋቢ ለብሶ ሥራ መግባት ቢፈቀድ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነበርኩ።

አለቃዬ የትምህርት ቤቱን ላብራቶሪ ደንብ በአማርኛ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊ ብለውኛል። እስካሁን የተለጠፈው በእንግሊዝኛ ነው። የተለጠፈበት እስኮች ቢጫ ሆኗል፤ ቆሞ ያነበበው ልጅ ግን አላየሁም። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ አንዱ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ጀመርኩት።

«ጋወን ልበሱ።» ይሄ ቀላል ነው።

«መነጽር አድርጉ።» እዚህ ላይ ቆምኩ። ያሉን መነጽሮች 4 ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉት ልጆች ወደ 60 ይጠጋሉ። ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፋል? «መነጽር ተራ በተራ አድርጉ»? አሲዱ ተራ ይጠብቃል?

አለፍኩት። «ሻሽ፣ ሂጃብና ነጠላ ወደ ጋወን ውስጥ ይግባ። የስፒሪት ላምፕ በትንፋሽ አይጠፋም፣ ክዳኑን ድፉበት።» ይህችኛዋን በቀይ ነው የጻፍኳት። ኡፍ ማለት የማይወድ ልጅ የለም። ነበልባሉ ወደ ሰው ፊት ሊመለስ እንደሚችል ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ዞር ስል ኡፍ!

«አሲድን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አትጨምሩ።» ይህችን ሁሉም በቃሉ ይወጣታል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቁት ግን ጣራ ጣራ ያያል። ሰልፈሪክ አሲድ ከባድ ነው፤ አንድ ሊትሩ 1.84 ኪሎ ይመዝናል። ውሃ ከላይ ብታፈሱበት እዚያው ላዩ ላይ ይቀራል፣ በአንዴ ይግላል፣ ይፈላል፣ አሲዱን ይዞ ፊት ላይ ይረጫል። አሲዱን ወደ ውሃው ጠብ ጠብ ስታደርጉት ግን እየሰመጠ ይቀላቀላል፣ ሙቀቱን ብዙው ውሃ ይካፈለዋል። ባለፈው በመስታወት ዘንግ እያማሰልኩ ሳሳያቸው፣ የቴርሞሜትሩ ቀይ መስመር ዓይናቸው እያየ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። «ቲቸር፣ እሳት የለም እኮ!» አለ ከኋላ አንዱ። ቲቸር አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ። ግን ማን ይሰማኛል።

ቴርሞሜትር ካነሳሁ አይቀር። እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከፍታችን ወደ 2500 ሜትር ስለሚጠጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ቀንሷል። መጽሐፉ 100 ይላል። በየዓመቱ ልጆቹ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብለው ይመልሱልኛል። በየዓመቱም ቴርሞሜትሩን ወክዬ እከራከራለሁ።

ቀጥሎ ሽታ መጣ። «ማንኛውንም ኬሚካል አፍንጫችሁን ጠርሙሱ አፍ ላይ ደቅናችሁ አታሽቱ። ጠርሙሱን ራቅ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ሽታውን ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት።» ይህንን ለወሎ ልጅ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቡናው ተቆልቶ ማንከሽከሻው በእንግዳው ፊት ሲዞር የሚደረገው ይኸው አይደል? ማንም ማንከሽከሻው ውስጥ አይደፋም። ሁሉም ከተቀመጠበት ጭሱን በእጁ ሳብ ሳብ ያደርግና «ይመችሽ» ይላል። ዘጠነኛ ክፍሎችን «እንደ ቡናው» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ደስ አለኝ፣ ልቤ ሞቅ አለ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ አልኩ።

ከዚያ አንዲት ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሽታ የሌለውንስ እንዴት ነው የምናውቀው?»

እንዳለም እንደሌለም አድርጌ መለስኩላት። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ከከሰል ይወጣል፣ ክፍሉ አየር ማግኘት አለበት አልኳት። ደወሉ ተደወለ፣ ሄዱ። ጥያቄው ግን እኔው ዘንድ ቀረ። ይኸው ደንቡን ትቼ ስለ እሱ እጽፋለሁ።

እኛ ጭስን የምናምን ሰዎች ነን። በ1911 የህዳር በሽታ ሰዉን ሲፈጀው በጭስ ይሄዳል ተባለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። አራስ ትታጠናለች። ቡና ሲፈላ ዕጣን ካልጨሰ ቡናው ጎደሎ ነው። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ያስለቅሳል፤ ያኔ በር እንከፍታለን። ጭስ ከነክፋቱ ሐቀኛ ነው፣ መምጣቱን ይናገራል። ችግሩ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው።

እማዬ ከሰሉን ደጅ ነው የምታቀጣጥለው። ይህን አትሳሳትም። ጭሱ እስኪወጣ ታራግበዋለች፣ ከሰሉ ሙሉ ለሙሉ ቀልቶ ፍም ሲሆን ምድጃውን በጨርቅ ይዛ ወደ መኝታ ቤት ታስገባዋለች። ላዩን በአመድ ታዳፍነዋለች፣ እስከ ንጋት እንዲቆይላት። ከዚያ በሩን ትዘጋለች።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ይገድላል።»

«ፍም ከሆነ አያስቸግርም። ጭሱን ደጅ ጨርሶ ነው የገባው።»

ነገሩ እኮ ተቃራኒው ነው። ጭስ የሌለው ፍም ዋናው ነው። የተዳፈነ ከሰል ደግሞ የባሰ ነው፤ ኦክስጅን ስለሚያንሰው በደንብ አይነድም፣ በደንብ ያልነደደ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። ያ ጋዝ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። እንደኛ ከፍታ ላይ፣ መጀመሪያውኑ አየሩ በሳሳበት፣ ነገሩ ይከፋል። የሚያሳብደኝ ደግሞ ምልክቱ ሁሉ ሌላ መምሰሉ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ባለፈው ሰኞ ጠዋት እማዬ ግንባሯን በሻሽ ጥፍንግ አድርጋ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ምች ነው፣ እስኪ ዳማከሴ ፈልጊልኝ» አለችኝ። ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። እምቢ ብትልም ትንሽ ቆይቶ ተሻላት። ዳማከሴው ነው አለች። ገና አላሸተተችውም ነበር እኮ!

ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ልጅ እንዲህ ቢከራከረኝ በሩን አሳየዋለሁ። እናትን የት ታወጣላችሁ?

እና ማታ ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ሳይንሱን ተውኩት። ስንት ቤተሰብ በከሰል እንዳለቀ ነገርኳት። ሰማች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ነፍስ ይማር አለች፣ ቡናዋን ጨለጠች። ከዚያ ስኒውን አስቀምጣ ይህን አለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እናንተን ሁላችሁንም በከሰል አሞቄ ነው ያሳደግኳችሁ። የሞተ አለ?»

የለም። ሁላችንም አለን። እንዲያውም ለውይይቱ መልካም ሲባል ከመካከላችን አንዱ ትንሽ ቢታመም ኖሮ ጥሩ ነበር።

ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እውነቷን ነው። አርባ ዓመት በከሰል ስትሞቅ ምንም አልሆነችም። ለምን? ያደግንበት ቤት ትዝ አለኝ። የጭቃ ቤት ነበር። ግድግዳው በየክረምቱ ይሰነጠቅ ነበር። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረ፤ በዚያ ነው ጠዋት ብርሃን የሚገባው፣ በዚያ ነው ድመቷም የምትገባው። የበሩ ሥር ጨርቅ ይጎሰጎስበታል፣ ቢሆንም ንፋሱ ያፏጫል። ስንረግመው የኖርነው ንፋስ ነው በየሌሊቱ ጋዙን ሲያወጣልን የነበረው። ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ነበር።

አሁን ያለችው ያ ቤት ውስጥ አይደለም። ታናሼ ከሳዑዲ በላከችው ብር ቤቱ ፈረሰና በብሎኬት ተሠራ። ልስን፣ ኮርኒስ፣ የአሉሚኒየም መስኮት። አናጺው መስኮቱን በሲሊኮን ዙሪያውን ሲያሽገው ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ «እዚህም ጋ፣ እዚህም ጋ» ይለው ነበር። እኔም ሻማ አብርቼ በመስኮቱ ዳር አዞርኩት፤ ነበልባሉ ውልፍት አላለም። አጨበጨብን። እማዬ ብርድ ተገላገለች አልን። ምድጃው ያው የድሮው ነው፣ እማዬም ያው የድሮዋ ናት። የተቀየረው ግድግዳው ነው።

ላብራቶሪውም እንዲሁ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ መስኮቶቹ አንድ ሳይቀሩ ረግፈው ነበር። ልጆቹን ኮት አስለብሰን ነው ያስተማርነው። የጭስ መሳቢያ ሳጥናችን ማራገቢያው ከሞተ ቆይቷል፣ ውስጡ የፈተና ወረቀት ነው የተከመረው። ቢሆንም የአሞኒያ ሙከራ ስንሠራ ማንንም አያንቀውም፣ አያስለውም ነበር፤ ንፋሱ ከጦሳ ወርዶ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ዘንድሮ መስታወት ገባ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ አለቃዬም ደስ ብሏቸው እንግዳ ሁሉ ያስጎበኛሉ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ውሸት አልናገርም፣ ጣቶቼ መታጠፍ ጀምረዋል። ግን ባለፈው ሳምንት ያቺው የአሞኒያ ሙከራ ላይ ግማሹ ክፍል ዓይኑን እያሸ ወጣ። መስኮት ክፈቱ ብል የተቀባው ቀለም አጣብቆት አልከፈት አለ።

እንግዲህ ምን ልበል? በየቦታው ቀዳዳ ይተው ብዬ ልጻፍ? ተገርስሶ የወደቀ ነገር ይሻል ነበር ልል ነው? ይሄንን ለአለቃዬ ብነግራቸው «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር አታጪም» ነው የሚሉት። ልክ ናቸው፣ አላጣም።

ለትልቋ ደወልኩላት፣ ኮምቦልቻ ላለችው። «የሐረጎን ቁልቁለት አውርደሽ አምጪያት፣ እዚህ ማን ከሰል ይሞቃል» አለችኝ። እሷ ቀላል ነው የሚመስላት። ቡና በረንዳ ላይ ነው የምታፈላው፣ በህዳር ማራገቢያ የምታበራ ሴት ናት። እማዬ ግን ኮምቦልቻ ሁለት ሌሊት ካደረች በሦስተኛው ጠዋት «ሙቀቱ ሊገለኝ ነው» ብላ ሻንጣዋ ላይ ትቀመጣለች። የማይታየው ጋዝ አይገላትም፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ግን ይገላታል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ የመጨረሻውን ተማጽኖዬን አቀረብኩ። መኝታ ስትገቢ ፍሙን ደጅ አውጪው፤ ካልሆነ መስኮቱን አንድ ስንዝር ክፈቺው አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። መስኮቱንም አየችው።

«ብርድ እንዳይገባ ብላችሁ ያንን ሁሉ ብር አፈሰሳችሁ። አሁን ደግሞ ክፈቺ ትይኛለሽ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ዘጋችሁት?»

ስድሳ ልጅ ፊት ቆሜ ስለ አሲድ የማወራ ሰው መልስ አጣሁ። ታናሼን በቮይስ ጠየቅኳት። ወዲያው መለሰች፣ «የመብራት ማሞቂያ ልላክላት፣ እዚህ እርካሽ ነው፣ በቃ ትገላገያለሽ» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን መብራት እኛ ሰፈር የሚጠፋው ሁልጊዜ ማታ ነው፣ ብርዱ ሲጠና። እማዬ ደግሞ ከሰል የምታቀጣጥለው መብራት ሲጠፋ ነው። ቮይሱን ሁለቴ ሰማሁት። ምን ብዬ ልመልስላት?